ሁለት መቶ አሥራ ሦስት የጥያቄ ምልክቶች

ሎጂክ ማስተማር ክፉ ልማድ ያስይዛል። እናቴ ከገበያ ተመልሳ «ዛሬ ያልመጣ ሰው አልነበረም» ስትል «እኔ አልመጣሁም» እላለሁ። ጎረቤታችን «ዘንድሮ ጠብ ያለ ዝናብ የለም» ሲል ባለፈው ማክሰኞ ጫማዬ መበስበሱን አስታውሰዋለሁ። እናቴ እንዲህ ሲያደርገኝ «ጀመረው እንግዲህ» ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። አጎቴ ደግሞ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ይኼ ልጅ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የተማረው ሰው ማናደድ ነው» ይላሉ። ብዙም አልተሳሳቱም። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይህንኑ ሳስተምር ዓመታት ቆጥሬያለሁ፤ ለዕረፍት ላሊበላ ቤተሰቤ ጋ ስመጣም ትምህርቱን ትቼው መምጣት አልችልም።

በየዓመቱ በሦስተኛው ሳምንት የማልዘለው አንድ ትምህርት አለ። ከ«አላውቅም» ተነሥቶ «የለም» ላይ መድረስ ስሕተት ነው የሚል ነው። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «በጎተራዬ አይጥ አላየሁም፤ ስለዚህ በጎተራዬ አይጥ የለም።» አብዛኞቹ ተማሪዎች የገበሬ ልጆች ናቸውና ይስቃሉ። አይጥ ሳትታይ እንደምትበላ ከእኔ በፊት ያውቃሉ። «አለማወቅ የሚናገረው ስለ እኛ ነው፤ ስለ አይጧ ምንም አይናገርም» እላቸዋለሁ። እነሱም ይጽፉታል፤ ፈተና ላይም አሳምረው ይመልሱታል። እኔም ትምህርቱን ያወቅሁት መስሎኝ ነበር።

ሚስቴን ለጥቂት ያላጣኋት በዚሁ በሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ነው። ታሪኩን ስነግር የማንንም ስም አልጠራም። ነገሩ ከላይ እስከ ታች የስም ነገር ስለሆነ ይህን ማለቴ ራሴንም ያስቀኛል። ግን ስም ፍለጋ ምን እንዳመጣብኝ ያየ ሰው ይፈርድልኛል።

ልጅቷን ያገኘኋት ወደ ፍላቂት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የበረዶ ዕቃ ታቅፋ ገባችና ሳታስፈቅደኝ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ያዝልኝ፣ ሻሼን ላስተካክል» አለች። ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቅኋት። «ሁለት መቶ በግ» አለችኝ።

«ሁለት መቶ በግ እዚህ ውስጥ አይገባም» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አስተማሪ ነህ?» አለች።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ዕቃው ውስጥ የነበረው የሁለት መቶ በግ ክትባት ነው። አገሯ ኩልመስክ ነው፤ ሥራዋ ፍላቂት። በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፍላቂት እየተመላለስሁ ሥራዋን ቆሜ አየው ጀመር። አንድ ቀን አንድ ገበሬ መብላት ያቆመች ላም ነድቶ መጣ። መቼ ጀመራት፣ ምን በላች፣ የት ዋለች ብትለው ለሁሉም «እኔ እንጃ» ነው መልሱ። እሷ የላሟን ጆሮ ዳበሰች፣ የዐይኗን ሽፋን ገልጣ አየች፣ ሆዷን አዳመጠች፣ ከዚያ ወጋቻት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኋት።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ እንዴት ወጋሻት?»

«እርግጠኛ እስክሆን ትሞታለቻ!» አለችና መርፌዋን ማጠብ ጀመረች። የዚያን ዕለት ነው ላግባት የወሰንሁት። የነገረችኝን ግን ልብ አላልሁትም።

በእኛ አገር ሁለት ሰው ስለተዋደደ ብቻ አይጋባም። አስቀድሞ ዘር ይቆጠራል። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጡና አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ሽቅብ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ። ከሰባት በታች የጋራ ሰው ከተገኘ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸውና ነገሩ ይቀራል። የእኛ ቤት ቆጣሪ አጎቴ ናቸው። ሲቆጥሩ ዐይናቸውን ጨፍነው በከዘራቸው መሬቱን ይመታሉ፤ ለአንድ ትውልድ አንድ ምት። ሲሰሙት ደስ ይላል። የሚያውቁትን መስመር ይዘው ይነጉዳሉ፤ የማያውቁት ጋ ሲደርሱ ምቱን ሳያቋርጡ በሌላው መስመር ይወርዳሉ። የሚሰማ ሰው ክፍተት መኖሩ አይታወቀውም።

እኔ ግን ታወቀኝ። ሥራዬ ነዋ።

«አጎቴ፣ ሰባት ቤት ማለት ስንት ሰው ነው?» አልኋቸው ሽማግሌ ሊሄዱልኝ በተዘጋጁበት ሰሞን።

«ሰባት ነዋ!»

«እሱ አባት አባቱን ብቻ ከቆጠሩ ነው። እናትም አለች። ወላጅ ሁለት፣ አያት አራት፣ ቅድመ አያት ስምንት፣ ከዚያ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት፣ መቶ ሃያ ስምንት። ሁሉም ሲደመር ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ሰው ነው።»

አጎቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ይኼ ሁሉ ሰው ለፍቶ ነው እንግዲህ አንተ የወጣኸው?» አሉ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አራት ወረቀት በፕላስተር አያያዝሁና ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ሣጥን አሰመርሁበት። አጎቴን፣ እናቴንና የማስታወሻ ደብተሬን ይዤ አርባ አንዱን ሞላሁ። በቀሩት ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሣጥኖች ውስጥ በቀይ እስክሪቢቶ የጥያቄ ምልክት አኖርሁ። ደግሞ እንዴት እንዳሳመርሁት! ነጥቧን እንኳ ክብ አድርጌ ነው የሠራኋት።

በጥር ወር፣ ጥምቀት አልፎ ሠርጉ ሁሉ በሚደራበት ጊዜ፣ አጎቴ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ኩልመስክ አባቷ ቤት ገቡ። ለራሱ ሚስት የሚያስጠይቅ ሰው ሽማግሌ መሐል አይቀመጥምና እኔ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ቀረሁ። ሦስተኛውን ሻይ ስጠጣ ተመለሱ። አጎቴ ከዘራቸውን እንደ ጎራዴ ነበር የያዙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ «ተቀመጡ» ብለዋቸው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ «ተቀመጡ» ከተባለ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ቆሞ ከቀረ ግን ነገሩ የለም ማለት ነው። ቆጠራው ያለ አንዳች እንከን አልቋል፤ የጋራ ሰው አልተገኘም። የቤቱ የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ ሊመርቁ እጃቸውን አንሥተዋል። ይኼኔ አጎቴ የእኔን መማር ለማሳየት ብለው ወረቀቱን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ዘረጉት። ተራቢው አጎቴ ለካ በእኔ ይኮሩ ነበር።

አባቷ ሙግት የሚወዱ፣ ወረቀት የሚያከብሩ ገበሬ ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ ቀዩ ምንድን ነው?» አሉ።

«የማይታወቁት ናቸው» አሉ አጎቴ ደረታቸውን ነፍተው። «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ናቸው። ልጃችን አንድ በአንድ ቆጥሯቸዋል።»

አባቷ ብድግ አሉ። እሳቸው ሲነሡ ሽማግሌዎቹም ተነሡ። «እንግዲያውስ ይኼ ሁሉ ሲታወቅ ትመጣላችሁ» አሉ። «ያን ጊዜ ወረቀቱን የሠራው ራሱ ይምጣ። እስከ ቅበላ ካልሆነ ነገሩ ይቅር።»

«ሌላስ?» አልኋቸው አጎቴን።

«ሌላ ምን አለ? አሮጊቷም እንዝርታቸውን ማሽከርከር አቁመው አዩን።» አሮጊቷ የልጅቷ አያት፣ የአባቷ እናት ናቸው። ሸለብ አድርጓቸው ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ማስረጃ ሲሰጠኝ እንዲህ ነው የማልፈው።

ያን ዕለት ማታ ልጅቷ ደወለችልኝ። «እወድሃለሁ። ያለ አባቴ ምርቃት ግን አላገባህም» አለች። «አትነጅሰው፣ ነገሩን አታበላሸው፤ ሙላና ና።» ቅበላ የጾሙ ዋዜማ ነው፤ አራት ሳምንት ቀርቶታል። ከሁለት መቶ አሥራ ሦስት የሞቱ ሰዎች ጋር በአራት ሳምንት ውስጥ መተዋወቅ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ አሸተን ማርያም ነው። አንድ የሸመገሉ መነኩሴ አሉ፤ የአካባቢውን ሰው ሁሉ ያውቃሉ ይባላል። ሁለት ሰዓት ዳገቱን ወጥቼ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወረቀቴን ዘረጋሁላቸው። ብዙ አዩትና ሳቃቸው መጣ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ከዘመድ አዝማድ ሸሽቼ ነው እዚህ የወጣሁ» አሉ። «አንተ ሁለት መቶውን አሸክመህ አመጣህብኝ?»

አፈርሁ። መነኩሴ ዘር ይቁጠሩልኝ ብሎ ተራራ የወጣ ሰው ከእኔ በፊት ይኖራል ብዬ አላስብም። ቆሎ ዘገን አድርገው ሰጡኝ። ዝም ብዬ ከምቆረጥም ብዬ «አባ፣ ስማቸው የጠፋባችሁን ሙታን በጸሎት ምን ታደርጓቸዋላችሁ?» አልኋቸው።

«ምን አደርጋለሁ? ጌታ ሆይ፣ ስማቸውን አንተ ታውቃለህ እላለሁ፣ አልፋለሁ። ቆመህ የቀረኸው አንተ ነህ» አሉኝ። የቁልቁለቱን መንገድ በቆሎዬ እየተጽናናሁ ወረድሁ።

ከዚያ በኋላ ያልሄድሁበት ለቅሶ፣ ያልገባሁበት ማኅበር የለም። ሽማግሌ ሁሉ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። ግን ሰው ተገኘ፤ አንድ፣ ሁለት እያለ ሃያ ሁለት ሣጥን ሞላ። ሃያ ሁለተኛውን ስጽፍ እጄ ቆመ። ሰውዬው በቅጽል ስሙ የታወቀ ነው፤ ቅጽል ስሙ ደግሞ አንዴ ከተሰማ የሚረሳ ዓይነት አይደለም። ያው ሰው በአባቴ በኩል አምስተኛ ቤት ላይ ተቀምጧል። አሁን ደግሞ በእናቴ በኩል ስድስተኛ ቤት ላይ አገኘሁት።

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር።

«እማዬ፣ አንቺና አባዬ ዘመድ ናችሁ።»

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ።»

እናቴ ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከምስሩ አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች። «አርባ ዓመቴ ነው እዚህ ቤት ከገባሁ» አለች። «ምን ይሻላል? አባቴ ቤት ልመለስ?»

«አጎቴ አያውቁም ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ የዚያን ጊዜ ሲቆጥሩ እዚያ አካባቢ ሲደርሱ ሳል ይዟቸው ነበር አሉ።»

ይህን ነገር እስቲ አስቡት። ሁሉ ነገር ይታወቅ፣ ሕጉም ይጠበቅ ቢባል የእናቴና የአባቴ ጋብቻ አይፈጸምም። ካልተፈጸመ እኔ አልወለድም። ካልተወለድሁ ወረቀቱን የሚሞላ የለም። እርስ በርሱ ከሚጣላ ነገር ውስጥ የፈለጉትን ሁሉ ማውጣት ይቻላል ይላል የእኛ ትምህርት። እኔ ያወጣሁት ራስ ምታት ብቻ ነው። ያኔ ነው ነገሩ ገባ ያለኝ፤ ሎጂክ ወፍጮ ነው፣ የሰጡትን ይፈጫል እንጂ እህል አያበቅልም። እኔ ባዶ ወፍጮ እያስጮህሁ ነበር የከረምሁት።

እውነቱን ልናገርና፣ የቀሩትን መቶ ዘጠና አንድ ሣጥኖች ስም ከራሴ እየፈጠርሁ ልሞላቸው አስቤ ነበር። ማን ያውቃል? ሙታን አይመሰክሩ። እስክሪቢቶ አንሥቼ አንዱን ስም ግማሽ ድረስ ጻፍሁት። ከዚያ ሰረዝሁትና ወደ ፍላቂት ሄድሁ። የገበያ ቀን ነበር፤ እሷ የአንድ የሚያነክስ አህያ ኮቴ ይዛ ታያለች። ሁሉንም ነገርኋት፤ ግማሽ ድረስ የጻፍሁትንም ስም ጭምር።

«ደግ አደረግህ የሰረዝኸው» አለች ቀና ሳትል። «አባቴ እንደሆነ የውሸት ወረቀት ያሸታል። ዕድሜውን ፍርድ ቤት የጨረሰ ሰው ነው።»

«አባትሽ ለምን እንዲህ ጨከኑብኝ? ቆጠራው ካለቀ በኋላ እኮ ነው።»

የአህያውን እግር ለቀቀችው። «አባቴ የፈራው ያንተን ሣጥኖች ነው ብለህ ታስባለህ?»

«ታዲያ የማንን?»

«ሎጂክ አስተማሪ አይደለህ?» አለች። ለመንኋት፣ አልነግርህም አለች። «የእኔ ታሪክ ቢሆን እነግርህ ነበር። የሰው ነው። ቅዳሜ ራስህ ግባ። የምታውቀውን ብቻ ተናገር። አብሽር።» አብሽር ስትለኝ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። በዕለቱ ግን ከነገረችኝ ውስጥ ምንም ነገር አላወጣሁም፤ እሷ አህያው የትኛውን እግሩን እንደሚያመው ሳይነገራት አውቃለች፣ እኔ ተነግሮኝም አላወቅሁም።

የቅበላው ቅዳሜ ደረሰ። አጎቴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ገባን። አባቷ ቤቱ መሐል ቆመዋል። ቄሱ መደቡ ላይ ናቸው። አያቷ ምሰሶው ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ እንዝርታቸው ሲሽከረከር ትንሽ ድምፅ አለው። እሷ ጓዳ ናት፤ መጋረጃው ይነቃነቅ ስለነበር ማየት ባልችልም እዚያ መሆኗን አወቅሁ። አባቷ «ተቀመጡ» አላሉም። ቆምን።

«የወረቀቱ ባለቤት አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሞላ?»

«አልሞላም» አልሁ። «ሃያ ሁለት ሰው አገኘሁ። መቶ ዘጠና አንዱን አላውቃቸውም። የሚጠየቅ ሰው ጠይቄ ጨርሻለሁ፤ ወደፊትም የማውቃቸው አይመስለኝም። ይባስ ብሎ ደግሞ እናትና...» ይኼኔ አጎቴን ከባድ ሳል ያዛቸው። የሳሉ ዓይነት ስለገባኝ ተውሁት።

አባቷ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ይኼ ሰባተኛ ቤት፣ ስድስተኛ ቤት የሩቅ ነው። የማንም ሰው የሩቁ ይጠፋዋል። የቅርቡ ቢሆንስ? እዚህ ሥር፣ እዚሁ አጠገብህ ያለ ሰው አባቱ የማይታወቅ ቢሆን ምን ብለህ ትጽፋለህ? በዚሁ በቀዩ ነው?»

የእንዝርቱ ድምፅ ቆመ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዘግይቶ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። አባቷም የጀመሩትን ጨረሱት። «እናቴ ናት» አሉ። «በአንድ ክፉ ዘመን ሕፃን ሆና አውድማ ላይ ብቻዋን ተገኘች። የአውድማው ባለቤቶች አሳደጓት። ከየት እንደመጣች ያወቀ የለም። አባት የሌላት ሲሏት ሰምታ አደገች። እኔም የአባት የለሽ ልጅ ሲሉኝ ስደባደብ ነው ያደግሁ። አሁን ዝም ተብሏል፤ ኩልመስክ ያለ ቆጣሪ ሁሉ እናቴ ጋ ሲደርስ በአጠገቧ ዞር ብሎ ያልፋል። ይሉኝታ ነው፣ ክብር ነው። አንተ ደግሞ የማይታወቀውን ሁሉ በቀይ እየከበብህ መጣህ። ልጄን ብሰጥህ ነገ የእናቴን ሣጥን ምን ልታደርገው ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አጎቴ ምቱን ሳያቋርጡ በሌላ መስመር የሚወርዱት አለማወቃቸውን ሊደብቁ ይመስለኝ ነበር። ሰው እንዳይጎዳ ነው ለካ። እኔ ያንን ሁሉ ዘመን የተከደነ ነገር በማስመሪያ ከፈትሁት። ከልቤ አፈርሁ፤ አሮጊቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም።

መልስ መስጠት ግን ነበረብኝ። የምታውቀውን ብቻ ተናገር ብላኛለች። የማውቀው ደግሞ ያው የሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ነው።

«ጌታዬ» አልሁ፣ «እናትዎ አባት የላቸውም ያሉ ሰዎች ተሳስተዋል። አባት አላቸው። እኛ አናውቀውም እንጂ እሱስ አለ። አለማወቅና አለመኖር ለየቅል ናቸው።»

«ስሙም፣ አገሩም፣ መልኩም ሳይታወቅ አለ ይባላል?»

«ይባላል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንደነበረ ግን ከዚህ ወረቀት ላይ ከጻፍኋቸው ስሞች ሁሉ ይበልጥ እርግጠኛ ነኝ። ስሞቹን ሰው ነግሮኝ ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። እሱ ባይኖር ግን እሳቸው እዚህ አይቀመጡም፣ አንቱም አይቆሙም፣ እኔም በዚህ በር አልገባም ነበር። የጥያቄ ምልክት ማድረጌ ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ቄሱ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ቁጠሩ ነው እንጂ የተባለው፣ ሁሉን እወቁ አልተባለም» አሉ። «የሚቆጠረው ተቆጥሯል፤ ነውር አልተገኘም። የቀረውን እሱ ባለቤቱ ያውቀዋል።»

አባቷ ወረቀቱን በጀርባው በኩል ገልብጠው ሰጡኝ። «ጻፈው» አሉ። «ያልኸውን ጻፈው።»

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ በሰማያዊው እስክሪቢቶ አንድ ሣጥን ሠራሁና የአሮጊቷን ስም ጠይቄ ጻፍሁ። ከሱ በላይ ሌላ ሣጥን ሠራሁ። መስመሩ ጠመመ። በላይኛው ሣጥን ውስጥ «አለ» ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁም።

አባቷ ተቀብለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ወደ ምሰሶው ዞሩ። «እማ» አሉ፤ እንደ ልጅ ነበር ድምፃቸው። «አለ ብሎ ጽፏል። አባትሽ አለ ይላል።»

አሮጊቷ ጥጡን ከጭናቸው ላይ ሰበሰቡ። «ይኼንን ለማወቅ ወረቀት ቸገራችሁ?» አሉ። «አዝሎኝ እኮ ነው የመጣ። ጀርባውን ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ያጣሁት ፊቱን ነው።»

እንዝርቱ መዞር ጀመረ። አባቷ ወረቀቱን አራት አጥፈው ከራስጌያቸው ዳዊታቸውን አወረዱና መሐሉ ላይ አኖሩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትንሽ ቆዩ። ሲመለሱ እኛ አሁንም እንደቆምን ነበርን።

«ምን ትገተራላችሁ?» አሉ። «ተቀመጡ እንጂ።»